ያቺ ነጭ ከረጢት

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ "ጋሼ፣ ከረጢት ሲያንሰኝ በአንዱ ሁለት አይጥ ተራ በተራ ባስገባ ምን ችግር አለው?" ብላ ጻፈችልኝ። አንብቤ ስጨርስ ሆዴ ባባ።

ወጣት ሳለሁ ቺሊ ውስጥ፣ ከሳንቲያጎ ወጣ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የዱር አይጦችን እየያዝን፣ ከረጢት ውስጥ እያስገባን ቁንጫቸውንና ቅማላቸውን እንሰበስብ ነበር። በብዛት የሚያዙልን ሁለት ዓይነት ናቸው። ዴጉ ቀን ቀን ነው የሚወጣው። በጅራቱ ከያዛችሁት ቆዳው ተገፍፎ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ እንዳትሞክሩት። ጆሮ ትልቁ ፊሎቲስ ደግሞ የሌሊት ነው። ማወቅ የፈለግነው እነዚህ ጎረቤታሞች ቁንጫ ይቀባበሉ እንደሆነ ነበር።

አንድ ማለዳ ከረጢት አለቀብኝ። ዴጉውን አወጣሁና ሳላራግፍ፣ ስፌቱን እንኳ ሳልፈትሽ ፊሎቲሱን እዚያው ጨመርኩት። ኋላ ነጭ ሳህን ላይ ስገለብጠው ዘጠኝ ቁንጫ ወጣ። የማን ናቸው? ቅማል ቢሆን ፀጉሩን ሙጭጭ ብሎ ይቆያል፤ ቁንጫ ግን ዘሎ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ከረጢቱ ራሱ የናሙናው አካል የሚሆነው። ይህን እያወቅኩ እርሳሴን አንስቼ "ፊሎቲስ" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቷን ቁንጫዎቹ ካሉበት የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳት። ማንም አላየኝም። ማታ ኃላፊያችን ቁጥሩን ሰምቶ "ጎበዝ!" አለኝ። እስከዛሬ የምታንገበግበኝ ያቺ ቃል ናት። ይቀባበላሉ ወይ እያልን ስንጠይቅ፣ ያቀባበልኳቸው እኔው ልሆን እችላለሁ።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ዲኤንኤው ይነግረናል ትላላችሁ። ቁንጫዋ የማንን ደም እንደጠጣች ይነግራችሁ ይሆናል፣ ከረጢት ውስጥ መጠጣቷን ግን አይነግራችሁም። ስልካችሁን ቤት ጥላችሁ ደብተር ያዙ እላለሁ ሁሌ። ግን ያን ቀን ስልክ ኖሮኝ ፎቶ ባነሳ ኖሮ ለመዋሸት አልደፍርም ነበር፣ እና ስልኩንም ያዙት።

አምብሊዮፒነስ የሚባል ጥንዚዛም ትዝ አለኝ። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ አይጦች ፀጉር ውስጥ ተጣብቆ ስለሚገኝ ደም መጣጭ ነው ሲባል ኖረ። በ1987 ኮስታሪካ ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ሰዎች ግን የሚበላው ቁንጫዎቹን መሆኑን ደረሱበት! ማየት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ጓንት አድርጉ ምናምን አልልም፣ ታውቁታላችሁ። አንቺ ልጄ፣ ከረጢት ካነሰሽ አይጧን ልቀቂያት። ያ ብልቃጥ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። የጥናት ጽሑፋችን እንዲታረም ደብዳቤ የላክሁት ያንቺ ጥያቄ በደረሰኝ ማግስት ነው።