የተሳቢው ሬዚስተር ቀልቶ ከተቃጠለ መጀመሪያ ሽቦውን ፈትሽ

ከዴንቨር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አለህ፤ አራቱም ጎማ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው። የምትጎትተው በአሮጌ ፒክአፕ ነው። የፍሬን መቆጣጠሪያውም ከፍሬን ዘይት መስመር ግፊት የሚቀበለው የድሮው ዓይነት ነው። ተሳቢው ባዶ ሲሆን ጎማው እንዳይቆልፍ ኮፈን ስር የተገጠመው፣ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ባለ 0.5 ኦም ሬዚስተር ቀልቶ ተቃጠለ። ባለ 30 አምፔሩ ብሬከር ግን አልወረደም። መካኒክ በቦታው ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር አስገባልህ፤ እሱም ወዲያው ተሰነጠቀ። አሁን ልግዛ ወይስ ከአገር ቤት ባመጣሁት የምጣድ ሽቦ ልሥራ ትለኛለህ።

ሁለቱም ይቻላል። ግን ዛሬ ምንም አትግዛ። እኔን የሚሸተኝ ሾርት ነው። በአክስሉ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ተፈግፍጎ ብረት እየነካ ይመስለኛል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ። በየጎማው ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ታምቡር ውስጥ ፍሬኑን የሚያስይዘው ማግኔት 3.2 ኦም ገደማ ነው። አራቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 0.8 ኦም ይሆናሉ። የአንተ 0.5 ሲጨመር 1.3 ይመጣል። 12 ቮልትን ለ1.3 ስታካፍል 9.2 አምፔር ነው። በዚህ ጊዜ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ሙቀት 42 ዋት ገደማ ነው። ይህ ጣት ያቃጥላል፤ ደህና ሬዚስተርን ግን አያቀላም። አሁን ሽቦው አክስሉን ነካ እንበል። ማግኔቶቹ ከመስመር ወጡ ማለት ነው። የቀረው 0.5 ኦም ብቻ ነው። 12 ለ0.5 ሲካፈል 24 አምፔር፣ 24 በ12 ሲባዛ 288 ዋት! ያቀላው ይህ ነው። ብሬከሩስ ለምን ዝም አለ? 24 ከ30 ስለሚያንስ ነው። ሬዚስተሩ ራሱ ሾርቱን ገድቦ ከብሬከሩ ደበቀው። ሞተሩ ተነስቶ ቮልቱ 14 ቢደርስ እንኳ 28 አምፔር ነው፤ አሁንም አይወርድም። ስለዚህ የተቃጠለው ሬዚስተር ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋቱን የሚያሳይህ እሱ ነው። ይህን ሳያዩ ሌላ ሬዚስተር መክተት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ተሳቢውን ከመኪናው ንቀል። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘውን የአደጋ ጊዜ ባትሪም ፍታ። የየጎማውን ማግኔት ሁለት ሽቦ ከመስመሩ ለያይ። በቴስተር ከሰማያዊው ሽቦ ወደ አክስሉ ብረት ለካ፤ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ስትለካ ሽቦውን ነቅነቅ አድርገው፤ እንዲህ ያለ ሾርት ቆሞ ሲለካ ይደበቃል። ከማግኔቱ ሽቦ ወደ ራሱ የማግኔቱ አካልም ለካ። እዚህ ግንኙነት ካሳየ ማግኔቱ አልቆለታል። ከዚያ እያንዳንዱን ማግኔት ለብቻው ከባትሪ አገናኝተህ አምፔሩን እይ፤ ከ3 እስከ 4 ይሁን። አራቱን አንድ ላይ በ10 አምፔር ቴስተር አትለካ፤ ፊውዙን ትበላዋለህ። በቱቦው ውስጥ ያለውን ሽቦ አውጥተህ ጣለው፤ አዲሱን በውጭ በኩል በደንብ አስረህ አሳልፈው። በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካገኘህም ቁረጠው። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ያናድደኛል።

አሁን ወደ ሬዚስተሩ። ከመግዛትህ በፊት ይህን ያዝ፦ ተሳቢው ሲጫን ሬዚስተሩ ከመስመር ይውጣ። ለባዶ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከዴንቨር በስተምዕራብ ተራራው ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ጭነት ይዘህ ስትወርድ የፍሬንህ ጉልበት ሙሉ መሆን አለበት። ስለዚህ 30 አምፔር የሚችል ማለፊያ ማብሪያ፣ ማለትም ሲበራ ኤሌክትሪኩን ሬዚስተሩን አዝልሎ የሚያሳልፍ፣ አብረህ ግጠም። የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ ሽቦም በምንም ዓይነት በሬዚስተር አይለፍ።

ከገዛህ በአልሙኒየም ቤት ውስጥ ያለውን፣ ባለ 1 ኦም ባለ 100 ዋት ሁለት ውሰድና ጎን ለጎን አገናኛቸው። ለየብቻቸው 21 ዋት ብቻ ይደርሳቸዋል። ርካሾቹ ላይ የተጻፈው 100 ዋት ወፍራም አልሙኒየም ላይ በቡሎን ካልታሰሩ አይሠራም። ዕቃው ላይ ደግሞ ይህን የሚነግርህ የለም። ከነዳጅ ቱቦና ከፕላስቲክ ርቀው አየር የሚያገኝ ቦታ ይሁኑ።

የምጣድ ሽቦህ ባለ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ከሆነ ሙሉው 14 ኦም ገደማ ነው። ርዝመቱን ለ14 ክፈል፤ አንዱ ክፍል 1 ኦም ይሆናል። ሁለት ክፍል ጎን ለጎን አድርግ። ምጣድ ውስጥ 16 አምፔር ይሸከም የነበረ ሽቦ እዚህ 5 እንኳ አይደርሰውም፤ አይቀላም። በሴራሚክ ላይ ጠቅልለው፤ ጫፉን በቡሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቀው። የብየዳ ሊድ አይይዘውም፤ አትሞክር። ቀዳዳ ያለው የብረት ክዳንም አድርግለት።

የመኪናህን መቆጣጠሪያ ጉልበት ማስተካከያ ባለው አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዓይነት ከቀየርክ ግን ሬዚስተሩን ጨርሶ አውጣው፤ አያስፈልገውም።

ሲያልቅ ባዶውን ተሳቢ ሰው በሌለበት ሜዳ በሰዓት 40 ኪሎሜትር እየነዳህ ፍሬን ያዝ። ጎማው ከተንሸራተተ ሬዚስተሩን ወደ 0.7 ከፍ አድርግ፤ ከላላ ወደ 0.3 አውርድ። ከዚያ ጭነህ፣ ማለፊያውን አብርተህ፣ እንደገና ሞክር። ጭነት ካለ ሬዚስተሩ ከመስመር ውጭ ነው። የአራቱን ጎማ አምፔር ለክተህ ላክልኝ።