የአባታችሁ ጉልበት የእናንተን ሠንጠረዥ አያውቅም፦ ለወጣቶች

ለምወዳችሁ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው አባታቸው ወይም እናታቸው ጡረታ ወጥተው «እንግዲህ ጊዜ አለኝ፤ በብስክሌት 1000 ኪሎ ሜትር ልሄድ ነው» ላሏቸው ልጆች ነው። እንዲህ ሲባል ከሁለት አንዱን ታደርጋላችሁ፦ ወይ «በዚህ ዕድሜ?» ብላችሁ ታስፈራራላችሁ፣ ወይ የራሳችሁን የልምምድ ሠንጠረዥ አትማችሁ ትሰጧቸዋላችሁ። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ወላጅ ሰምቶ ያልፈዋል፤ ሁለተኛውን ግን «ልጄ ደክሞ አዘጋጀልኝ» ብሎ ጉልበቱ እስኪያብጥ ይከተለዋል።

ስለ ዕድሜው ቶሎ ተናግሬ ልለፍ። ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በ2012፣ 100 ዓመት ሞልቷቸው፣ በአንድ ሰዓት 24.25 ኪሎ ሜትር ነዱ፤ በ2014 ደግሞ በ102 ዓመታቸው 26.927 ኪሎ ሜትር። የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ዐቅሙ በአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ31 ወደ 35 ሚሊ ሊትር ማደጉን ለክተዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ክብረ ወሰኑ ነው። ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ግን ልምምዳቸው ነው፦ በዓመት 5000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 80 በመቶው ቀለል ተደርጎ፣ 20 በመቶው ብቻ ጠንከር ተብሎ።

ስለዚህ ችግሩ ዕድሜው ብቻ አይደለም። ችግሩ የሰውነት ክፍሎች እኩል አለመፍጠናቸው ነው። በስድሳዎቹ ያለ ሰው ልምምድ ሲጀምር ልብና ሳንባው በ6 እና በ8 ሳምንት ውስጥ በግልጽ ይሻሻላሉ። ጡንቻ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ጅማት፣ የመቀመጫ ቆዳ፣ አንገትና የእጅ አንጓ ግን ወራት ይፈልጋሉ። በስምንተኛው ሳምንት ሰውየው ዳገቱን ሳያለከልክ ስለሚወጣ «አሁንማ 100 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ይላል። ደረቱ እውነቱን ነው፤ የጉልበቱ ጅማት ግን ገና አልደረሰም። የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው በዚሁ ሰሞን ነው። ሠንጠረዥ ስታወጡ መለኪያችሁ የዘገየው ክፍል ይሁን፤ የፈጠነውን ተዉት።

ከሁሉ በፊት ሐኪም። ደረት መጨምደድ፣ ራስን መሳት፣ ያልተስተካከለ የልብ ምት የነበረበት ወይም ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰው በእንቅስቃሴ ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቶቹንም አብራችሁ ቁጠሩ። የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የእጅ ሰዓቱ የሚነግረውን የምት መጠን ሊመራበት አይችልም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት በሙቀት ቀን ማዞር ያመጣል። ደም የሚያቀጥን የሚወስድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ምንም ባይሰማውም ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ይህን አብሮት የሚነዳ ሁሉ ይወቅ።

መድኃኒት ለማይወስድ ሰው የላይኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ208 ላይ የዕድሜውን 0.7 እጥፍ መቀነስ ነው። ለ65 ዓመት ሰው 162 ገደማ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ሰው ግን በ10 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል ብዙ አትመኩበት። ከሰዓቱ ይልቅ አፍ ይሻላል። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ ቀላሉ ፍጥነት እሱ ነው። ወሬው በሁለትና በሦስት ቃል መቆራረጥ ከጀመረ ጠንካራው ላይ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ምክንያቱም «እርጅና ነው» የሚባለው ሕመም ግማሹ የኮርቻ ጉዳይ ነው። ወላጃችሁን በሚነዱበት ጫማ ግድግዳ አስደግፋችሁ ኮርቻው ላይ አስቀምጧቸው። ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱና ተረከዛቸውን ያሳርፉበት። ዳሌያቸው ሳያጋድል ጉልበታቸው ቀጥ ካለ ከፍታው ጥሩ መነሻ ነው፤ ፔዳሉን በእግራቸው ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበታቸው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋል። በሜትር ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ የእግራቸውን የውስጥ ርዝመት ከብሽሽት እስከ መሬት ለኩና በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከፔዳሉ ክንድ መዞሪያ መሐል እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ይመጣል። የጭናቸው ጀርባ ለጠነከረባቸው ሰዎች ከዚህ 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አትቀይሩ፤ ቀይራችሁም ሁለት ሦስት ቀን ሳይነዱበት አትፍረዱ።

ሕመሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ማርሹ ከብዷል፤ ከኋላ ካመመ ኮርቻው ከፍ ብሏል። ትንሿ ጣትና ቀጥላ ያለችው ሲደነዝዙ መዳፍ ሥር ያለው ነርቭ እየተጫነ ነው። ያኔ ወፍራም ጓንት ከመግዛታችሁ በፊት የኮርቻውን አፍንጫ ተመልከቱ፤ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውየው እየተንሸራተተ ክብደቱን በእጁ ይሸከማል። መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ጎንበስ ብሎ መንዳት ለእናንተ ፍጥነት ነው፤ ለእሳቸው አንገት ግን በቀን 5 ሰዓት ቀና ብሎ መመልከት ይሆናል። በየ10 እና 15 ደቂቃው ፔዳል ላይ ቆሞ መቀመጫን ማሳረፍም ከመጀመሪያው ሳምንት ልማድ ይሁን።

ውድቀትን ሁሉም ከቁልቁለት ጋር ያያይዘዋል። የተጫነ ብስክሌት የያዘ አዛውንት ግን ቆሞም ይወድቃል፦ ሊወጣ ሲል ጫማው ኮርቻው ላይ ተይዞ፣ ወይም ሊወርድ ሲል ሻንጣው ወደ ማዶ ጎትቶት። ስለዚህ የብስክሌቱ የላይ ብረት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ሲወጡ ሁለቱንም ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ራሳቸው ያጋድሉት፣ እግራቸውን አሳልፈው በሁለት እግር ከቆሙ በኋላ ያቅኑት። ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል ለመጀመሪያ ዓመት ይቅርባቸው። ወደ ኋላ ዞሮ መመልከትም ልምምድ ነው፤ ባዶ ቦታ ላይ መስመር አስምራችሁ፣ መስመሩን ሳይለቁ ከኋላ ስንት ጣት እንዳነሣችሁ ይንገሯችሁ። አንገታቸው አልዞር ካለ መስተዋት ግጠሙ።

ማርሽ ላይ ወጣት ሁሉ ትዕቢተኛ ነው፤ ይህን ትዕቢት ለወላጅ አታውርሱ። ከፊት 26፣ ከኋላ 34 ጥርስ ሲሆን፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር በሆነ በተለመደው ትልቅ ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 1.67 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር ቢረግጡ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ዳገቱን ይወጣሉ። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ቢሆን በዚያው ፍጥነት ዙሩ ወደ 38 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ እርግጫም ጉልበት ላይ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ጫና ይጥላል። ይህ በአንድ ዳገት አይታወቅም። በቀን ሺህ ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት ሲደጋገም ግን ይታወቃል። ሜዳ ላይ ከ75 እስከ 85 ዙር ይበቃቸዋል።

ልምምዱ 24 ሳምንት ይፈልጋል እንበል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በሳምንት 3 ቀን፣ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ፣ እያወሩ። ከ7ኛው እስከ 14ኛው አንዱን ቀን ብቻ በየሳምንቱ 20 ደቂቃ እያስረዘሙ መሄድ፤ ሁለት ሳምንት ከጨመሩ በኋላ ሦስተኛውን በሲሶ መቀነስ። እናንተ ሦስት ጨምራችሁ አንድ ትቀንሱ ይሆናል፤ እሳቸው ሁለት ጨምረው አንድ ይቀንሱ። በዚህ ሰሞን በሳምንት አንድ ቀን መለስተኛ ዳገት ላይ 4 ጊዜ 3 ደቂቃ ጠንከር ማለት፣ በመሐል 3 ደቂቃ ቀለል አድርጎ መንዳት። ከዚያ ቀን በኋላ 48፣ አንዳንዴም 72 ሰዓት ሌላ ጠንካራ ሥራ የለም። ከ15ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ተከታታይ ቀናት ይመጣሉ፤ ጉዞው በቀን 70 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ በተጫነ ብስክሌት ሁለት ቀን በተከታታይ 55 ነድተው በሦስተኛው ቀን 40 መንዳት እስኪችሉ። በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ጊዜ መኖሩ ነው። ሠራተኛ ሰኞ ሲመጣ ወደደም ጠላም ያርፋል። ጡረተኛን የሚያስቆመው የለም፤ ሰባቱም ቀን ለመንዳት ክፍት ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የዕረፍት ቀን ይሁን። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምታቸውን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩና ይመዝግቡ። ከሳምንቱ አማካይ በ7 ወይም በ8 ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከዋለ ብስክሌቱ ይቁም፤ በእግር መንሸራሸር ይበቃል።

ብስክሌት ለልብ መልካም ነው፤ ለአጥንት ግን ይህን ያህል አይጠቅምም፤ ክብደትን የሚሸከመው ኮርቻው ነውና። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ግዴታ ነው፦ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ በጣት ቆሞ ተረከዝን በ3 ሰከንድ ማውረድ፣ እያንዳንዱ 10 ጊዜ በሦስት ዙር፤ ሲቀልል ክብደት መያዝ። በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆምም ይጨመር። ይህ እናንተንም ይመለከታል። አጥንት በአብዛኛው የሚገነባው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው፤ ዛሬ ከብስክሌት ሌላ የማትሠሩ ከሆነ ከአሁኑ መዝለልና ክብደት ማንሣት ጀምሩ።

በምግብ በኩል ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ያረጀ ጡንቻ ለፕሮቲን ቶሎ አይነቃም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ ለ70 ኪሎ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም፣ ለሦስትና ለአራት ጊዜ ተከፍሎ ያስፈልጋል። ኩላሊቱን የሚያመው ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው። 3 እንቁላል 18 ግራም ገደማ ስለሆነ ለአንድ ማዕድ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ጥማት ነው። ከዕድሜ ጋር የጥማት ስሜት ይዘገያል፤ ስለዚህ በሰዓት እንደ ሙቀቱ ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር፣ በረጅም ቀን ጨው ያለበት ነገር እየጨመሩ ይጠጡ። ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ከልክ በላይ መጠጣትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ጭነቱን በመጨረሻው ሳምንት አትሞክሩት። 15 ኪሎ ሁሉ ከኋላ ሲጫን የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከባዱን ወደ ታች፣ የተወሰነውን ወደ ፊት አውርዱ። የቸርኬ ሽቦ የሚበጠሰውም በአብዛኛው ከኋላ፣ በሰንሰለቱ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው በፊት ባለሙያ ያጥብቀው። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ፤ 24 ቀለበት አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.5 ሲደርስ ቀይሩት። ጎማ መለጠፍን ወላጃችሁ በራሳቸው እጅ ይለማመዱ፤ የንባብ መነጽራቸው ከመሣሪያው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ይህ ቀልድ አይደለም። ከአውራ ጎዳና የምትሰካ ጸጉር የመሰለች ሽቦ ከውጭ ጎማው ውስጥ ትቀራለች፤ ያላዩዋት እንደሆነ የተለጠፈው የውስጥ ጎማ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍሳል። የውስጥ ጎማውን ነፍተው ቀዳዳውን ያግኙ፣ የውስጥ ጎማውን የአየር መሙያ አፍ (ቫልቭ) ከቀድሞ ቦታው ጋር አስተካክለው ከውጭ ጎማው ጋር ያስተያዩት፤ ሽቦዋ እዚያው ትክክል ላይ ናት።

አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከታሰበው ርቀት ከ60 እስከ 70 በመቶውን ብቻ ንዱ፤ ከዚያ በየአራትና በየአምስት ቀኑ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት። ዳገት ላይ ቀድማችሁ ወጥታችሁ አናቱ ላይ አትጠብቋቸው። እናንተ ዐሥር ደቂቃ አርፋችኋል፤ እሳቸው ሲደርሱ «በሉ እንሂድ» ካላችሁ ዕረፍቱ የእናንተ ብቻ ሆነ፤ እሳቸውም አሳፋሪ መስሏቸው ሳይጠጡ ይቀጥላሉ። ከኋላቸው ሁኑ፤ ፍጥነቱን እሳቸው ይምረጡ፤ አናቱ ላይ ስትደርሱም ቀድማችሁ ከብስክሌት የምትወርዱት እናንተ ሁኑ።