የሌሊቱን ሰዓት ጻፉ

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ፣ ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ቡና ልትጠጡ ስትመጡ የምትጠይቁኝን ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ፤ በማዋለጃ ክፍል ያያችሁት ነገር ውሳኔ ሰጪዎችን እንዲያነሣሣ እንዴት ይነገር?

እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። በሐምሌ ዝናብ፣ ከከተማው ዳር ካለ ጭቃማ ሰፈር አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት መጣች። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም። በወሩ በተደረገ ስብሰባ ላይ ስለ ጩኸቷ፣ ስለ ባሏ እንባ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሏት ገንፎ ስላዘጋጁት ጎረቤቶች ተናገርኩ። አዳራሹ አለቀሰ። ከዚያ ተበተንን፤ ምንም አልተለወጠም።

ቁጭቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን በሰዓት። ምጧ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀመረ። አራት ሰዓት ላይ ባሏ አምቡላንስ ጠራ። አምቡላንሱ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የሌሊት ሾፌር ግን አልተመደበለትም። ሰባት ሰዓት ላይ በጎረቤት መኪና ደረሰች። ቀዶ ሕክምና ስላስፈለጋት ሪፈር ተጻፈላት፤ ሆስፒታል ስትገባ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱን ያነበቡት ኃላፊ ስለ እንባ አልጠየቁኝም። «የሌሊቱን ሾፌር የሚመድበው ማነው?» አሉ። ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሌሊት ተራ ወጣ።

«ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባሉትን ተምራችኋል፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ዘንድ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ መታከም። ታሪካችሁ መዘግየቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ያሳይ። አለበለዚያ ጥፋቱ እናቲቱ ላይ ይወድቃል፤ «ለምን ቀድማ አልመጣችም?» ይባላል። ይህን ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ኃላፊው «ይህ የአንዲት ሴት ዕድል ነው» ብለው እንዳያልፉ ቁጥርም ያዙ። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት 871 ነበሩ፤ በ2016 ጥናት 412 ሆነዋል። በዚህ ውስጥ ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። በዚያው በ2016 ጥናት ግን ከ1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

ከሁሉ በፊት ባለታሪኳን አስፈቅዱ። በመጀመሪያው ስብሰባ እኔ አላስፈቀድኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛውን ጽሑፍ ለኃላፊው ከማቅረቤ በፊት ግን ቤቷ ሄጄ አነበብኩላት። ሰዓቶቹን ስጠራ በዝምታ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። «ሕፃኑ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ሲስተር፣ ሴት ናት» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ አስተካከልኩት።