ናኖቲዩብ ሲግል «ያንጸባርቃል»?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች መጽሔት ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም ከካርቦን አቶሞች ስለተሠራው እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ እየጻፍኩ ነው። «ናኖቲዩብ ሲግል ሙቀት ያንጸባርቃል» ብዬ ነበር፤ አርታዒው ግን «ያመነጫል» በል አለኝ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ «የሙቀት ጨረር ይለቃል» ይበሉ።

«አንጸባረቀ» በዕለት ተዕለት ንግግር ለፀሐይም ለወርቅም ይነገራል፤ ራሱ የሚያበራውንም የሌላውን ብርሃን የሚመልሰውንም አይለይም። በፊዚክስ ግን «ነጸብራቅ» ተመልሶ የሚወጣ ብርሃን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ነገሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታፍ ኪርሆፍ በ1860 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አንድ አካል በአንድ የሞገድ ርዝመት ጨረር የሚለቀው በዚያው ርዝመት በሚመጥጠው ልክ ነው። እንደ ደን ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ናኖቲዩቦች ካረፈባቸው ጨረር 98 በመቶ ያህሉን ይመጥጣሉ። ሲግሉ አብልጠው የሚለቁትም ስለማያንጸባርቁ ነው! የተወለወለ ብረት ያንጸባርቃል፤ ግሎም ቢሆን የሚለቀው ጥቂት ነው።

የአርታዒው «ያመነጫል» ቦታ አለው፣ ግን ለሌላው ደረጃ። በናኖቲዩቡ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከተቃውሞው የተነሳ ሙቀት ይመነጫል። ሙቀቱ የሚያርገበግባቸው ኤሌክትሪካዊ ሙሎች (ቻርጆች) ደግሞ ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ይለቃሉ። ሁለት ክንውን ነውና ሁለት ግሥ ይሻላል፦ «ሙቀት ይመነጫል፤ ከፊሉም በጨረር መልክ ይለቀቃል»። «ከፊሉ» ያልኩት በዋዛ አይደለም። ናኖቲዩቡ ወለል ላይ ከተኛ ብዙው ሙቀት በንክኪ ወደ ወለሉ ይሾልካል። «ሙቀት ይለቃል» ብቻ ከተባለ ይህም አብሮ ስለሚቆጠር «ጨረር» የሚለው መቅረት የለበትም።

«ሲግል» ያሉት ግሩም ነው፤ «ሲነድ» እንዳይሉት። ካርቦን ነውና ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አየር ካገኘ በእርግጥ ይነዳል፣ የማጋሉ ሙከራ የሚካሄደውም አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ነው። «ያበራል»ም ለሁሉም አይሆንም፦ በክፍል ሙቀት የሚለቀው ጨረር ጉልህ የሚሆነው በ10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው፣ ዓይን አያየውም። ፍም መስሎ መታየት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።

ስለ መጠኑ ሲጽፉ ደግሞ «ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ ይሆናል» አይበሉ፤ «መጠነ ሙቀቱ በኬልቪን እጥፍ ሲሆን» ይበሉ። ኬልቪን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ የሚጀምር መለኪያ ነውና፣ የ27 ዲግሪ ሴልሺየስ እጥፉ 54 ሳይሆን 327 ነው።