የሳይቤሪያን ባቡር ለምትሳፈሩ ልጆቼ

ፀጉሬ የሸበተው ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው። ከእናንተ ከልጆቼ መካከል ለትምህርት ወደ ሩሲያ የምትሄዱ ስላላችሁ፣ ከኪስ ገንዘባችሁ ቆጥባችሁም ቢሆን የሳይቤሪያን ባቡር ሳትሳፈሩ እንዳትመለሱ አደራ እላችኋለሁ። ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ሃዲድ ሥራው በ1891 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ በካባሮቭስክ የአሙር ወንዝ ድልድይ በ1916 ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር በሩሲያ ምድር ላይ ተገጠመ። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ በሄድሁበት ጊዜ የተጓዝሁት እስከ ካባሮቭስክ ብቻ ነው፤ ቭላዲቮስቶክ ያኔ ለውጭ አገር ሰው ዝግ ነበረች።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ሰዓቱን አስሉ። በዚያን ዘመን በመስመሩ ሁሉ የጉዞ ሰሌዳው የሚጻፈው በሞስኮ ሰዓት ነበር። ባይካል ሐይቅ ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት እንደምንደርስ አንብቤ፣ በአካባቢው አቆጣጠር የሞላሁት የእጄ ሰዓት 2 ሲል መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ብጠብቅም ከጫካ በቀር የማየው አልነበረም። የ5 ሰዓቱን ልዩነት ዘንግቼዋለሁ። ሐይቁ ጋ የደረስነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እኔ እንቅልፍ ከጣለኝ በኋላ ነው። 1,642 ሜትር የሚጠልቀውን፣ ከዓለም ሐይቆች የሚስተካከለው የሌለውን፣ ስንት ዓመት በጠመኔ የሣልሁትን ውሃ ተኝቼ አለፍሁት፤ ቁጭቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የአውቶቡሱን መጋረጃ ጋርዳችሁ ስልካችሁን ስትነካኩ ስለማይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወርዱ የደጋው ብርድ ለቆላው ሙቀት ሲለቅ፣ የገደሉ አለት ቀለም ንብርብር በንብርብር ሲለዋወጥ የሚታየው በዚያ መስኮት ነው። መመልከትን እዚያ ተለማመዱ።

ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ አይታጣም፣ አስተናጋጇም ሻዩን የብረት መያዣ ባለው ብርጭቆ ታመጣላችኋለች። አብሯችሁ ለተሳፈረው ሳትሰጡ ግን አትብሉ፤ እኔን አንዲት አሮጊት የቀቀሉትን ድንች በጋዜጣ ዘርግተው፣ እንደ እናቴ «ብላ እንጂ» እያሉ ሲያበሉኝ ነው ሩስኛዬ የተፈታው።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትኬቱ በየአካባቢው ሰዓት ስለሚጻፍ እናንተ እንደ እኔ አትሳሳቱም፤ ሆኖም ባይካልን በቀን የሚያልፈውን ባቡር መርጣችሁ ቁረጡ። ሃዲዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከውሃው ሳይርቅ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ስትጓዙ ሐይቁ በስተግራ ነው፤ እኔ ያየሁት ስመለስ፣ በስተቀኝ ባለው መስኮት ነበር።