40 በመቶ ላይ ድርግም የሚለው ስልክ

ከደብረ ብርሃን የጻፈችልን እህታችን መምህርት ናት። ስልኳ ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ሦስት ዓመት አገልግሏታል። አሁን 40 በመቶ እያለ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ሲሰካበት ወዲያው ይነሳና 38 ያሳያል። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ካሜራ ስትከፍት ይጠፋል። ገጠር ቤተሰብ ጋ ሄዳ ስትደውል ደግሞ ገና ሳይጠራ ይጠፋል። አንዱ ጠጋኝ ጋ ወስዳ ፍላሽ ተደረገ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ተጫነ)፣ አልዳነም። ሌላው ባትሪ ቀየረላት፤ ሁለት ወር ሠርቶ ወደነበረበት ተመለሰ። ሦስተኛው «ቦርዱ ነው፣ ሌላ ግዢ» አላት። ሰሞኑን የጀርባው ክዳን መሃሉ ላይ ከፍ ብሏል። በዚያ ላይ ይጎተታል።

እህቴ፣ ሌላ ስልክ ለመግዛት አትቸኩዪ። «ጠዋት ይብሳል» ያልሽውን ሳነብ ጥርጣሬዬ ባትሪው ላይ አረፈ። ሶፍትዌር ብርድ አይሰማውም፤ ባትሪን ግን ይሰማዋል። የእናንተ አገር ጠዋት ደግሞ የታወቀ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን አድርጊ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኚውና ጫፉን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ግፊው። እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ባትሪው አብጧል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቻርጅ አታድርጊው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ አይታጠፍም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው።

አሁን ቁጥሩ ለምን እንደሚያታልልሽ ላስረዳሽ። ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምነግረው ነገር ነው። ባትሪን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሮቶ አስቢው። ስክሪኑ ላይ ያለው በመቶኛ ሮቶው ውስጥ ስንት ውኃ እንደቀረ ነው የሚነግርሽ። ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ዝጎ ስለመጥበቡ ምንም አይልም። አንዷን ቧንቧ በቀጭኑ ስትከፍቺ ውኃው ይወርዳል። ሻወሩን ስትከፍቺ ግን ሮቶው ግማሽ ሆኖ ሳለ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ጥበት በባትሪ ቋንቋ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካው በኦም ነው።

በቁጥር እንየው። ደህና ባትሪ 0.1 ኦም ገደማ አለው እንበል። ስልክሽ 2 አምፔር ሲስብ የሚወርደው 0.2 ቮልት ብቻ ነው፤ 3.8 የነበረው 3.6 ይሆናል፣ ስልኩ ግድ የለውም። የደከመው ባትሪ 0.4 ኦም ቢሆን ግን 0.8 ቮልት ይወርድና 3.0 ላይ ይደርሳል። ብዙ ስልክ ደግሞ 3.3 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ይህን ያህል መቼ ይስባል? ካሜራው ሲከፈት፣ በተለይ መብራቱ ሲበራ፣ አሳሳቡ ከፍ ይላል። ኔትወርክ በራቀበት ስትደውዪም እንዲሁ። 2ጂ በሚባለው የቆየ ኔትወርክ ላይ ስልኩ ሲያወራ በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው የሚልከው፤ አንቴናው ሩቅ ሲሆን እያንዳንዷ ግፊት እስከ 2 አምፔር ልትስብ ትችላለች። ብርድ ሲጨመር ቱቦው ይበልጥ ይጠባል። ቻርጀር ስትሰኪ የሚነሳውም ሸክሙን ቻርጀሩ ስለሚጋራው ነው።

ሁለት ወር ብቻ የሠራው ባትሪ ነገር ያናድደኛል። በቅርቡ እንዲህ ያለ አንድ እጄ ገብቶ ነበር። ላዩ ላይ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል፤ የሚይዘው መጠን መሆኑ ነው። ወረቀቱን ከጫፉ ይዤ ስገሸልጠው ሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ፦ 3000። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 44 ግራም። እውነተኛው 5000 ብዙውን ጊዜ 65 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የሚያስፈራኝ ግን ማነሱ አይደለም። ባትሪው ስንት እንደሞቀ ለስልኩ የሚናገር ትንሽ ሴንሰር አለ። ፎርጅዶቹ ላይ በቦታው ተራ ሬዚስተር ይበይዱበታል። ስልኩ ሁልጊዜ 25 ዲግሪ ነው ብሎ ያምናል። ባትሪው እየጋለ ቻርጅ ማድረጉን አያቆምም። ይህ ነው ማታ ትራስ ሥር የሚደረገው!

ካቻቪት መያዝ ከቻልሽ ራስሽ ትቀይሪዋለሽ። ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ ጠብቂና አጥፊው። ሲም ካርዱን ከነመሳቢያው አውጪ፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ይሰብረዋል። ክዳኑን ጠርዙ ክፍተት ካለው በኩል ጀምረሽ በአሮጌ የባንክ ካርድ ዙሪያውን አላቅቂው። የጣት አሻራ ማንበቢያው ፍሌክስ (ስስ ጠፍጣፋ ገመድ) ክዳኑ ላይ ሊሆን ስለሚችል በኃይል አትሳቢ። ያለፈው ሰው በሱፐር ግሉ ለጥፎት ከሆነ (ደጋግሜ የማየው ጥፋት ነው) እዚሁ ላይ አቁሚና ለባለሙያ ስጪው። ብሎኖቹን ስልኩን በሳልሽበት ወረቀት ላይ በየቦታቸው ደርድሪ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይጎዳል። ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀዪ። ማጣበቂያውን በአልኮል ጠብታ አርጥቢ፣ አምስት ደቂቃ ቆዪ፣ በካርዱ ቀስ እያልሽ አንሺው። እምቢ ካለ ተዪው። ካቻቪት ሥሩ አታስገቢ። ደግሜ ልበል፣ ያበጠ ባትሪ አይወጋም። የወጣውን አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ አድርጊና ከቤት ውጪ አስቀምጪ፤ ከቆሻሻ ጋር እንዳይቃጠል።

አዲሱን ስትገዢ በስልክሽ ሞዴል ጠይቂ፣ አስመዝኚ፣ ቮልቱን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አስለኪ። ሳይሠራበት የቆየ ጥሩ ባትሪ ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ3 በታች ያለውን መልሺ። የተመረተበትን ቀንም እዪ፤ መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

መጎተቱ ሌላ ነገር ነው። ሚሞሪው ሞልቶ ይሆናል። ከቴሌግራም ሴቲንግ ገብተሽ ካሹን (ያጠራቀማቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) አጥፊ፤ ስንት ጊጋባይት እንደሚለቅልሽ ታያለሽ።

በደህና ባትሪ እንኳ ካሜራ ሲከፈት ከጠፋ ያኔ ቦርዱን እንጠራጠራለን። የምትወስጂለትን ልጅ ግን «ፓወር ሰፕላይ (በባትሪው ፈንታ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ አድርገህ ሲጠፋ ስንት አምፔር እንደሚስብ አሳየኝ» በዪው። ቁጥሩን ያዢና ጻፊልኝ።