ትልልቅ ሰዎችና ራፕ
"ትልልቅ ሰዎች ራፕ ይወዳሉ ወይ?" ላልከው፣ አዎ ይወዳሉ፣ ዋናው ግን በምን እንደምታስጀምራቸው ነው። እዚህ ሐዋሳ አባቴ ራፕ ሲሰሙ "ምን ይጮኻል ይሄ!" ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን፣ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ወስደው የሠሩትን በስልኬ ከፈትኩላቸው። ስኒውን አስቀመጡ። "የሙላቱ አይደል እንዴ?" ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፣ እስኪያልቅ አልመለሱልኝም። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባቸውም፣ ምቱ ግን ያዛቸው። ደግሞ ራፕ የወጣበት ሂፕ ሆፕ የልጆች ብቻ አይደለም እኮ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሲጀመር የጨፈሩት ዛሬ 60 አልፏቸዋል። ፉከራና ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰውም ቃል በምት መወርወር እንግዳ አይደለም። አንተም በአማርኛ ራፕ ጀምርላቸው፣ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማውን ምረጥ፣ ድምፁንም ቀነስ አድርገው።